አራት ማይክ በአንድ ክፍል፦ ለቤት ስቱዲዮ የትኛው ሳውንድ ካርድ ይሻላል?

የመጣው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። የምሠራው በቤሪንገር ዩኤምሲ22 ሳውንድ ካርድ፣ በኤቲ2020 ማይክና በዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። እስካሁን ቢት ሠርቼ ድምፃዊ ብቻ ነበር የምቀዳው። አሁን ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ከድምፃዊ ጋር አንድ ላይ ሆነው ሲጫወቱ በቀጥታ መቅዳት እፈልጋለሁ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ቅጂዬ ኖይዝ አለው። ድምፃዊው ደግሞ የራሱን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ይሰማዋል። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አፖሎ ትዊን ወይም ስካርሌት 18አይ20 ልታመጣልኝ ትችላለች። የቱን ልበላት? 192 ኪሎኸርዝ (ድምፁን በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ የሚለካ) መሆኑስ ግድ ነው? አሮጌውን ካርድ ከአዲሱ ጋር አብሬ መጠቀም እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ያለህን ዕቃና የምትቀዳውን ነገር በግልጽ ስለነገርከኝ መልሱ አልከበደኝም። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። አፖሎ ትዊንን ተወው። 18አይ20 ጥሩ ካርድ ነው፤ ለአንተ ሥራ ግን ይበዛል። የሚያስፈልግህ አራት የማይክ መግቢያ ያለው፣ ቢቻል ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚያገኝ ካርድ ነው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አክስቴን ኦዲየንት ኢቮ 8 እላት ነበር። ገንዘቡ ካጠረ ደግሞ ቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ። የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ማይክ ይሂድ።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ካነሳሃቸው ሁለት ችግሮች ኖይዙን አዲስ ካርድ ላያጠፋው ይችላል። መዘግየቱን ደግሞ አብዛኛውን ዛሬ ማታ ያለ አንድ ብር ወጪ ማስተካከል ትችላለህ። አዲስ ካርድ የሚያስፈልግህ ለሦስተኛው ነገር ነው፤ አራት ምንጮችን በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ትራክ ለመቅዳት።

ከኖይዙ እንጀምር። ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፈተና አድርግ። ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ድምፃዊ ስትቀዳ የምታቆምበት ቦታ ላይ ተወው። ፋንተሙን (ካርዱ ለማይኩ የሚልከውን ኃይል) አጥፋና ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። የማይኩን ኬብል ከካርዱ ነቅለህ አንድ ደቂቃ ቅዳ። ከዚያ ማይኩን መልሰህ ሰካ፣ ፋንተሙን አብራ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይናገር ሌላ አንድ ደቂቃ ቅዳ። ሁለቱን በሄድፎን አወዳድር። ያለ ማይክ የቀዳኸው ጸጥ ያለ ሆኖ፣ በማይክ የቀዳኸው «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም። ወይ የማይኩ ነው፣ ወይ የክፍሉ።

ውጤቱ ወዴት እንደሚያደላ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ኤቲ2020 ወደ 20 ዴሲቤል የሚሆን የራሱ ኖይዝ አለው። በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት 14.1 ሚሊቮልት ያወጣል። ይህን ስታሰላው የማይኩ የራሱ ኖይዝ ካርዱ መግቢያ ላይ የሚደርሰው -109 ዲቢዩ አካባቢ ሆኖ ነው (ዲቢዩ የኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ኖይዙ ያንሳል)። ጥሩ የሚባል የዛሬ ፕሪአምፕ (ካርዱ ውስጥ ያለው የማይክ ማጉያ) ኖይዝ ደግሞ -128 ዲቢዩ አካባቢ ነው። ስለዚህ የማይኩ ኖይዝ ከፕሪአምፑ ኖይዝ ወደ 20 ዴሲቤል ይበልጣል። ያንተ ካርድ ኖይዝ ከዚህ በጥቂት ዴሲቤል ቢብስም እንኳ ልዩነቱ በማይኩ ኖይዝ ስር ተሸፍኖ ይቀራል። በጣም ውድ ፕሪአምፕ ብታስገባም ጆሮህ አይለየውም።

ክፍሉ ደግሞ ከማይኩም ይብሳል። ጸጥ ያለ የሚባል መኖሪያ ክፍል እንኳ 30 ዴሲቤል አካባቢ ድምፅ አለው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በባሕር ዳር ሙቀት ቬንትሌተር ተከፍቶ ሲቀዳ ከዚያ በላይ ይሄዳል። በር ላይ ባጃጅ ካለፈማ ቀረጻው ይቆማል። ላፕቶፑም ራሱ ሲሞቅ ፋኑ ይነሳል፤ ማይኩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው የምትሰማው ኖይዝ ከሱ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑን ከማይኩ ጀርባ አርቀው። ኤቲ2020 በፊት ለፊቱ የሚሰማ ማይክ ስለሆነ ጀርባውን ለፋኑ ስትሰጠው ብዙ ይቀንሳል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የሚያጠፋልህ ካርድ በዓለም ላይ የለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብርድ ልብስም አያግደውም። ብርድ ልብስና ፍራሽ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ ከውጭ የሚመጣን ድምፅ አያቆሙም። ያንን የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ወፍራም ኮርኒስ፣ ክፍተቱ የተደፈነ በርና መስኮት። ይህ ካልተቻለ በክረምት ዝናቡ የማይዘንብበትን ሰዓት መምረጥ ነው። ከሰዓትና ማታ ብዙ ጊዜ ስለሚዘንብ ረፋዱን ተጠቀምበት።

ሌላ ነፃ መፍትሔ አለ። ድምፃዊው ከማይኩ 40 ሴንቲሜትር ርቆ ከሆነ የሚቆመው ወደ 20 አቅርበው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ያን ያህል ጌይን ስትቀንስ የክፍሉ ኖይዝ አብሮ ይወርዳል። ከፊቱ ፖፕ ፊልተር (ከአፍ የሚወጣውን ትንፋሽ የሚያግድ መጋረጃ) ይኑር።

ኖይዙ «ሽሽሽ» ሳይሆን «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ያ ድምፅ 50 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ይቀመጣል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ብቻ ቅዳ። ከጠፋ ምክንያቱ ቻርጀሩ ወይም የቤቱ መስመር ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ የግራውንድ መስመር የለውም፤ ቢኖረውም አንዳንዴ ከምንም ጋር አልተገናኘም። አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ማስፈተሹ አዲስ ካርድ ከመግዛት ይቀድማል። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ፤ ስፒከሩን ከአንድ ግድግዳ፣ ላፕቶፑን ከሌላው አታድርግ። የግራውንዱን እግር ቆርጦ መሰካት ግን በጭራሽ አታስብ። ሰው ማይክ ይዞ የሚዘፍንበት ክፍል ነው።

ወደ መዘግየቱ እንሂድ። ዩኤምሲ22 ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአሲዮ4ኦል ነው፤ ይህ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ፣ ለማንኛውም ካርድ የሚሆን ድራይቨር ነው። ባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያስተናግድበት መጠን) 512 ሳምፕል ላይ ከሆነ በ44.1 ኪሎኸርዝ ለአንድ መንገድ ብቻ 11.6 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ገብቶ ሲወጣ እጥፍ ነው፤ ሌላም ይጨመርበታል። ድምፃዊ ይህን ይሰማዋል፤ ከምቱም ያወጣዋል። መጀመሪያ ካርዱ ላይ ያለውን ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ተጫን። የማይኩ ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሄድፎኑ ይሄዳል። መዘግየቱ በዚያው ያልቃል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ግን የዚያን ትራክ ሞኒተር ማጥፋት አትርሳ፤ አለዚያ ድምፃዊው ራሱን ሁለት ጊዜ ይሰማል።

«ድምፃዊው ሪቨርብ (የሚያስተጋባ ድምፅ) ካልሰማ አይዘፍንም» ልትለኝ ትችላለህ። እውነት ነው፤ በተለይ የትዝታ ዓይነት ዜማ የሚያንጎራጉር ሰው ደረቅ ድምፅ ሲሰማ ይጨነቃል። ለዚህ መፍትሔው ፕሮጀክቱን ማቅለል ነው። ቢቱን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ስቴሪዮ ዌቭ ፋይል አውጣው። አዲስ ባዶ ፕሮጀክት ክፈትና እሱን ብቻ አስገባ። ሌላ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ) ስለሌለ ላፕቶፑ ሳይጨነቅ ባፈሩን ወደ 128 ወይም 64 ማውረድ ትችላለህ። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ሳምፕል 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሜትር እንኳ አይሄድም። ቀላል ሪቨርብ ጨምርለትና ይዝፈን። የራሱ አሲዮ (መዘግየትን የሚቀንስ ዓይነት) ድራይቨር ያለው ካርድ ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ይበልጥ ይረጋጋል። ከላይ የጠራሁልህ ሁለቱም ካርዶች የራሳቸው ድራይቨር አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና ድምፃዊ፤ አራት ምንጭ ነው። አንተ ያለህ አንድ የማይክ መግቢያና አንድ የመሣሪያ መግቢያ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ተራ በተራ ይቀዱ የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ድምፃዊውን እየተከተለ ነው የሚጫወተው፤ ግጥሙ ሲረዝም ያረዝማል፣ ሲያቋርጥ ይመልስለታል። ምት በሚቆጥር ክሊክ ብቻውን አጫውተህ ያንን አታገኘውም። አብረው እንዲቀዱ መፈለግህ ትክክል ነው፤ ካርድ መቀየርህንም ተገቢ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ታዲያ አፖሎ ትዊን ለምን አይሆንም? ድምፁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ፕሪአምፑም፣ በውስጡ የሚሠሩት ፕለጊኖችም ጥሩ ናቸው። የማይክ መግቢያው ግን ሁለት ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዶላር አውጥተህ ከበሮውን የት ልትሰካው ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የካርዶች ስም ነው። ስካርሌት 4አይ4 ሲባል አራት ማይክ የሚገባበት ይመስላል። የማይክ መግቢያው ሁለት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ያሉ፣ ለማይክ የማይሆኑ የላይን መግቢያዎች ናቸው። የስካርሌት ሦስተኛው ትውልድ 18አይ8 አራት የማይክ መግቢያ አለው። 18አይ20 ደግሞ ስምንት። 18 የሚለው ቁጥር የሚሞላው ስምንቱ ላይ በኦፕቲካል ኬብል የሚገቡ ስምንትና ሁለት ዲጂታል መግቢያዎች ሲቆጠሩ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርህን ጠቅላላ ቁጥር ተወውና «ማይክ ፕሪአምፑ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሞቱ ኤም4ም እንዲሁ ጥሩ ካርድ ሆኖ ፕሪአምፑ ሁለት ነው።

ኢቮ 8ን የመረጥኩት አራት ፕሪአምፕ ስላለው ብቻ አይደለም። ሁለት የሄድፎን መውጫ አለው፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለድምፃዊው። ጌይኑ እስከ 58 ዴሲቤል ይሄዳል። አራቱንም መግቢያዎች ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ ሰምቶ ጌይኑን ራሱ የሚያስተካክልበት መንገድም አለው። አንተ ብቻህን ድምፅ ቀራጭም፣ አቀናባሪም፣ ኬብል ጠምዛዥም ስለሆንክ ይህ ያግዝሃል። ዩኤምሲ404ኤችዲ ዋጋው ከሱ ይቀላል፤ አራት ፕሪአምፕ አለው፣ ጥንካሬውም ጥሩ ነው። የሄድፎን መውጫው ግን አንድ ነው። እሱን ከገዛህ አብሮ ትንሽ የሄድፎን ማከፋፈያ ያስፈልግሃል፤ አለዚያ ቅጂው መሃል ሙዚቀኛውን «ስማ እስቲ» እያልክ ሄድፎን ስትቀባበሉ ትውላላችሁ።

ከዚያ መብራት አለ። ኢቮ 8 ኃይሉን የሚያገኘው ከዩኤስቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪው ላይ ይቀጥላል፣ ካርዱም አብሮት ይቀጥላል፣ ቀረጻው አይቋረጥም። ዩኤምሲ404ኤችዲ፣ 18አይ20 እና አፖሎ ትዊን ግን ከሶኬት ኃይል ይፈልጋሉ። ጥሩ ቅጂ መሃል ላይ ድርግም ሲል ያ ቅጂ ሄደ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱን ከገዛህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አብረህ አስብ። በዩኤስቢ የሚሠራውን ካርድ ደግሞ ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። የዩኤስቢ 2 ፖርት 500 ሚሊአምፔር ብቻ ይሰጣል፤ ዩኤስቢ 3 ግን 900። ፋንተም በርቶ አራት መግቢያ ሲሠራ ይህ ልዩነት ይታያል።

18አይ20ን የምመክርህ በአንድ ሁኔታ ነው። ቀጥሎ ድራም ሴት ወይም ትልቅ የመዘምራን ቡድን ለመቅዳት ቁርጥ ሐሳብ ካለህ። ያኔ ስምንት መግቢያ ያስፈልጋል። «ምናልባት አንድ ቀን» ብቻ ከሆነ ግን አትግዛው።

አሁን ማይኮቹን እንይ። አራት መግቢያ ይዘህ አንድ ማይክ ብቻ ካለህ ካርዱ ምን ይሠራልሃል? ለዚህ ነው የተረፈው ገንዘብ ወደ ማይክ ይሂድ ያልኩህ። ኤቲ2020ን ለማሲንቆው ስጠው። የጭራው ፍጭትና የቆዳው ድምፅ እንደሱ ባለ ኮንደንሰር (ፋንተም የሚፈልግ፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ ማይክ) ነው የሚያምረው። 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቀህ፣ ወደ ቆዳው አዙረህ ጀምርና በጆሮህ አስተካክል። ለከበሮው ሹር ኤስኤም57 በቂ ነው። ለድምፃዊው ኤስኤም58 ያዝለት። ሙዚቀኞች በአንድ ክፍል ሲሆኑ ከኮንደንሰር ይልቅ እንደ ኤስኤም58 ያለ፣ ፋንተም የማይፈልግና ቀርቦ የሚያዝ ዳይናሚክ ማይክ የሌላውን ድምፅ ያነሰ ይሰበስባል። ክራሩ ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የሚገጠም ድምፅ መያዣ) ካለው በቀጥታ በመሣሪያ መግቢያው አስገባው። ይህ መግቢያ ለጊታርና ለእንዲህ ያለ ፒክአፕ ተብሎ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ያለው ነው። ያንኑ ፒክአፕ ላይን መግቢያ ላይ ብትሰካው ድምፁ ቀጥኖ፣ ወዙ ጠፍቶ ይመጣል። ፒክአፕ ከሌለው አንድ ተጨማሪ ማይክ ይፈልጋል።

አንድ ሰው የሹርን ኤስኤም7ቢ ማይክ ግዛ ብሎህ ከሆነ ለጊዜው ይቅርብህ። ማይኩ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ፓስካል 1.12 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚያወጣው። አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ይፈልጋል ይላል። ኢቮ 8 የሚሰጠው 58 ስለሆነ ሌላ ማጉያ ትገዛለታለህ ማለት ነው።

አቀማመጡ ደግሞ ካርዱን ያህል ዋጋ አለው። በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀት፣ ማይኩ ከራሱ ምንጭ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን። ከበሮውን ጥግ ላይ አድርገው፤ የማይኮቹን ጀርባ ወደ እሱ አዙር። ከበሮው ጮክ ብሎ ሌላውን ከሸፈነ ጌይን አትጨምር፣ ከበሮ መቺውን ቀስ እንዲል ለምነው።

192 ኪሎኸርዝ ግድ አይደለም። 48 ኪሎኸርዝ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ነው። አራት ትራክ በ24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት ዝርዝርነት) እና በ48 ኪሎኸርዝ በደቂቃ ወደ 35 ሜጋባይት ይሆናል። በ192 ከሆነ 138። ላፕቶፕህ በከንቱ ይደክማል። የሚጠቅምህ ከ16 ወደ 24 ቢት መሻገሩ ነው። ዩኤምሲ22 በ16 ቢት የሚቀዳ ስለሆነ ድምፁን ወደ ላይ ጠጋ አድርገህ ለመቅዳት ትገደዳለህ፤ ከበሮው አንዴ በኃይል ሲመታ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ይበላሻል። በ24 ቢት ከፍተኛውን ምት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርገህ በሰላም መቅዳት ትችላለህ።

አክስትህ ከአሜሪካ ስለሆነች አንድ ነገር አደራ በላት። ሶኬት የሚፈልግ ዕቃ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ አዳፕተር እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከመምጣቷ በፊት እሽጉን ከፍታ እዚያው ትሞክረው። ከውጭ የመጣ ዕቃ እዚህ ሲበላሽ መልሶ መላኩ ትልቅ ጣጣ ነው። ዋጋውን በብር አልጻፍኩልህም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የምነግርህ ቁጥር ነገ ላይሠራ ይችላል። በዶላር አወዳድር።

ከዚሁ አገር ያገለገለ ካርድ ካገኘህም አትናቅ። ላፕቶፕህን፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክና ሄድፎን ይዘህ ሂድ። እያንዳንዱን መግቢያ በየተራ ሞክር። ጌይኑን ከታች እስከ ላይ አዙረው፤ ሲዞር ከተንቋቋ አርጅቷል። ፋንተሙ በሁሉም ላይ ኮንደንሰሩን ማስነሳቱን አረጋግጥ። ድራይቨሩም ላፕቶፕህ ላይ ላለው ዊንዶውስ መኖሩን ብር ከመክፈልህ በፊት እዚያው ጭነህ እይ።

አሮጌውን ካርድ ከአዲሱ ጋር አብሮ ስለመጠቀም ላልከው፣ አታድርገው። አሲዮ በመደበኛው አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚያሠራው። በአሲዮ4ኦል ሁለቱን ብታገናኛቸውም እያንዳንዱ ካርድ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ከሚሊዮን 50 ያህል ልዩነት ብቻ ቢኖር በአምስት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ ትራኮቹ በ15 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ። ማሲንቆውና ከበሮው ሲጀምሩ አብረው የነበሩ፣ ሲጨርሱ የተለያዩ ይሆናሉ። ዩኤምሲ22ን ግን አትሽጠው። አንድ ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሥራ፣ ለማስታወቂያ ንባብ ወይም ዘጌ ድረስ ተሻግረህ አንድ ሰው ለመቅዳት ስትሄድ፣ በላፕቶፕ ቦርሳ የሚገባ ካርድ ነው። አዲሱ ድንገት ቢበላሽም ቀጠሮ የያዝክለትን ድምፃዊ ባዶ እጁን አትመልሰውም።